የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው?

አዲስ አበባ ቀና ብሎ ላየ ሰው ከየሰፈሩ ተራራ የምታሳይ ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ የረር አለ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራ የጥቅምት ጠዋት ደግሞ በደቡብ በኩል፣ ከሜዳው መሃል ብቻውን የቆመው ዝቋላ ብቅ ይላል። የከተማው ልጅ እነዚህን ተራሮች በየቀኑ እያየ ያድጋል፤ የሚወጣቸው ግን ጥቂቱ ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚነሳው የመኪና ነገር ነው። የራሴ መኪና የለኝም፣ መከራየቱ ውድ ነው፣ ጉዞ የሚያዘጋጁት ቡድኖች የሚጠይቁት ገንዘብ ለደመወዝተኛ ይከብዳል ይላል።

ነገር ግን በየተራራው ግርጌ ሰው ይኖራል። እንቁላሉንና ቅቤውን ይዞ ከተማ ይመጣል፣ ዘይትና ሳሙና ገዝቶ ይመለሳል፣ የታመመ ልጁን ሐኪም ቤት ያደርሳል። እሱን የሚያመላልሰው መኪና እኛንም ይወስደናል። መኪናው ካወረደን በኋላ የምንሄድበት የእግር መንገድም ለእኛ ተብሎ የተጠረገ አይደለም። ገበያተኛ፣ እረኛ፣ ተማሪና ምዕመን ለዘመናት ሲረግጡት ኖረዋል። በአውቶቡስ ሄዶ በእግር መጓዝ ከሌላው ሽርሽር የሚለየው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተጓዡ የሚገባው በሰው መንገድ ላይ ነው፣ ሰዓቱንም ቀኑንም የሚወስንለት የዚያ መንገድ ባለቤት ነው።

ከተማይቱ ወደ ተራሮቿ የምታስወጣባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። ወደ ሱሉልታና ፍቼ የሚሄድ ሰው አዲሱ ገበያ ይሄዳል። የሆለታና የአምቦ መንገደኛ አስኮ መናኸሪያን፣ የሰበታ፣ የወሊሶና የቡታጅራው አየር ጤናን፣ የቢሾፍቱውና የአዳማው ቃሊቲን፣ የደብረ ብርሃኑ ላምበረትን ይጠይቃል። መነሻ ቦታ አንዳንዴ ስለሚዛወር ከመሄድ በፊት በቅርቡ የተጓዘ ሰው መጠየቅ አይከፋም። ታሪፉም እንዲሁ ነው፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚለወጥ እዚህ ብጽፈው ነገ ያረጃል። አጭሩን ርቀት ሚኒባስ፣ መካከለኛውን ቅጥቅጥ፣ ረጅሙን ትልቁ አውቶቡስ ይይዘዋል። ሁሉም ሲሞላ ነው የሚንቀሳቀሱት።

ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አዲሱ ገበያ የደረሰ ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት እዚያው ያገኛል። ረዳቱ «ፍቼ! ፍቼ! የሞላ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፤ ውስጥ ሲገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። መኪናው እስኪሞላ ያለው ጊዜ ግን ባክኖ የሚቀር አይደለም። አብሮ ተሳፋሪውን የሚያውቁት ያኔ ነው። በአንዱ ማለዳ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቢጫ ጀሪካን እግራቸው ሥር አኑረዋል። ከኋላችን ሁለት ነጋዴዎች ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ። ጀሪካኑ የጠበል መሆኑን አውቄ «ደብረ ሊባኖስ ነው እማማ?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ። አንተስ ለጠበል ነው?»

«አይደለም፤ ድልድዩንና ገደሉን እያየሁ በእግሬ ወርጄ በእግሬ ልወጣ ነው።»

ትንሽ አሰብ አደረጉና «ስለት አለብህ?» አሉኝ።

የለብኝም ስላቸው አላመኑኝም መሰለኝ፤ ያም ሆኖ ምክራቸውን አልነፈጉኝም። «ቁልቁለቱ አያታልልህ። ዳገቱን ለማታ አታቆየው። ከ9 ሰዓት በኋላ መገንጠያው ላይ ብትቆም የሚያልፈው ሁሉ ሞልቶ ነው የሚመጣው።» ከዚያ ወዲህ ስለ ደብረ ሊባኖስ መንገድ ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠኝ ሰው የለም።

መንገዱ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ትከሻ ይወጣና ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይፈስሳል። ማለዳ ላይ ከአስፋልቱ ዳር የሚሮጡ አትሌቶች ይታያሉ። ሱሉልታ ከፍታውና ለጥ ያለው ሜዳው ተስማምተው የሯጮች መለማመጃ ያደረጉት ቦታ ነው። ከዚያ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ ይከተላሉ። አገሩ ሜዳ ነው፤ የሣር ክምር፣ የከብት መንጋ፣ በመስከረም ደግሞ በየእርሻው ድንበር አደይ አበባ። ከመኪናው መስኮት የሚያይ ሰው ከፊቱ ገደል አለ ብሎ አይጠረጥርም። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ፍቼ ከመግባቱ በፊት፣ ምድሩ በቀኝ በኩል በድንገት ይቆረጣል። መውረጃው እዚያ ነው። «መገንጠያው ላይ ወራጅ አለ!» ማለት ይበቃል።

ገዳሙ ከመገንጠያው ወደ ታች 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እኔ ግን በቀጥታ ወደ ገዳሙ አልወርድም። መጀመሪያ በገደሉ አፍ ወደሚገኘው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ እሄዳለሁ። «የፖርቱጋል ድልድይ» ይባላል። በ16ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚል ወሬ ከነስሙ ጸንቶ ቆይቷል፤ የሠሩት የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፣ ዘመኑም የ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው የሚለው ግን የበለጠ ያሳምነኛል። ራስ ዳርጌ የሰላሌ ገዥ ነበሩና። የአካባቢው ሰው ድንጋዩ የተያያዘው በኖራና በሰጎን እንቁላል ነው ይላል። በክረምት ማብቂያ ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ወደ ገደሉ ይወረወራል። በበጋ ወንዙ ይደርቅና አለቱ ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ ፏፏቴ ሊያይ የሚፈልግ ከመስከረም አያሳልፍ።

ጭላዳዎቹ በአብዛኛው እዚያው ገደሉ ጫፍ ላይ ናቸው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። ከዝንጀሮ ዘመዶቹ የሚለየው በዋናነት ሣር የሚግጥ በመሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣሩን እየነጨ ሲበላ ይውላል፣ ሲመሽ ሌላ አውሬ በማይደርስበት የገደል ደረት ላይ ወርዶ ያድራል። ከደረቱ ላይ ያለው ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ያስታውቃል። በዝግታ ለሚሄድ ሰው በጣም ቅርብ ድረስ አይሸሽም። ዳቦ መወርወር ግን መጥፎ ልማድ ነው፤ እንስሳውን ከሣሩ አስጥሎ ሰው እጅ ላይ ያስጠብቀዋል፣ ቀጥሎም የገበሬው ማሳ ውስጥ ይጨምረዋል።

ከዚያ ወደ ገዳሙ ቁልቁለቱን መያዝ ነው። ደብረ ሊባኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት ገዳም ነው። ጻድቁ ለሰባት ዓመት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተቆረጠ የሚነገርበት ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ በተራራው ወገብ ላይ ይገኛል፤ ጠበሉም እዚያ ነው፣ የጀሪካኖቹም ጉዞ ወደዚያው ነው። አሁን ያለው ትልቅ ሕንፃ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። ከተማ ለከተማ የሚዞር ጎብኚ ሕንፃውን አይቶ ይመለሳል። በእግሩ የወረደ ሰው ግን ሌላ ነገር ይገነዘባል። ገዳሙ ከላይ ገደል፣ ከታች ደግሞ ወደ ጀማ ወንዝ የሚዘልቅ ሸለቆ ይዞታል፤ መውጫ መግቢያው ጥቂት ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱንና ለበዓል የመጣውን ምዕመን እዚህ ከቦ ከያዘ በኋላ በአቅራቢያው ወስዶ ረሽኗቸዋል። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ ሦስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ያን ታሪክ ያነበበ ሰው ሸለቆውን በእግሩ ሲያልፍ ለሸሸ ሰው ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ በጉልበቱ ይረዳዋል። ለዚህም ነው ደብረ ሊባኖስን በመኪና መስኮት ማየት አይበቃም የምለው።

የመመለሻው ዳገት ያለ ዕረፍት ነው። ከ7 ሰዓት በፊት ከገዳሙ መነሳት፣ እናቲቱ እንዳሉትም 9 ሰዓት ሳይሆን መገንጠያው ላይ መቆም ይበጃል። ከፍቼ የሚነሳው ሚኒባስ ሲያልፍ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ይኖረው ይሆናል። ከጎጃም የሚመጣው ትልቁ አውቶቡስ ግን ለእንዲህ ያለ አጭር መንገደኛ እምብዛም አይቆምም።

ስለ ቀን ምርጫ ላንሳ፤ የአገራችን የእግር ተጓዥ ከአየር ጠባይ ቀጥሎ ሊያውቀው የሚገባው የበዓልና የገበያ ቀን ነውና። ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄደው መኪና ለቁጥር ያስቸግራል። በተራ ማክሰኞ ያው መንገድ ጭር ይላል። የገጠር ከተማ በገበያው ቀን ከየአቅጣጫው መኪና ይገባበታል፣ ይወጣበታል፤ በማግስቱ ጋሪ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ወደማያውቁት ቦታ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ገበያው መቼ ነው?» የሚለው ነው። በገበያ ቀን መሄድ መኪና ያስገኛል፤ እግረ መንገዱንም የአገሩን ማር፣ የአገሩን በርበሬ፣ የአገሩን ሰው ያሳያል። ሕዝብ የማይወድ ደግሞ ከበዓሉ ዋዜማና ማግስት ይሽሽ፤ በተለይ በዋዜማው መናኸሪያ ውስጥ ለወንበር የሚደረገው ግፊያ ለእግር ጉዞ የሚሆነውን ጉልበት ሁሉ ይጨርሳል።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ዝቋላ ነው። 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ አናቱ ላይ በጠርዝ የተከበበ ሐይቅ አለው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኘው እዚያ ነው። አቦ ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥለው የማያውቃቸው የለም፤ በዚህ ሐይቅ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ለ100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ እንደጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። ውሃው ቅዱስ ነውና አይዋኝበትም። በዙሪያው ለሚኖረው የኦሮሞ ገበሬም ተራራው ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ከቢሾፍቱ ወደ ተራራው ግርጌ መኪና ይጎርፋል፣ ሕዝቡም ሌሊቱን ሲወጣ ያድራል። በሌላ ቀን ግርጌው ድረስ የሚሄድ መኪና ማግኘት ዕድል ይጠይቃል።

የዝቋላን ነገር ግን ዛሬ ሳይጠነቀቁ ማውራት አይቻልም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የገዳሙ አባቶች በታጣቂዎች ተገድለዋል። ሰላም በራቀበት ዘመን «ሂዱና ውጡት» ብዬ አልጽፍም። እዚህ የማነሳውን ማንኛውንም መንገድ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከመውጣቱ በፊት በዚያው ሳምንት የሰነበተውን ሁኔታ ይጠይቅ። መናኸሪያ ለዚህም ይጠቅማል። ሾፌርና ረዳት ስለ መንገዱ ሰላም ከማንም ቀድመው ያውቃሉ፤ «ዛሬ አንሄድም» ካሉ ያ ቀን ቤት የሚዋልበት ቀን ነው።

ጫካ ለሚወድ የመናገሻ ሱባን የሚያህል በአዲስ አበባ አካባቢ የለም። ጫካው በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ጎን ላይ ያረፈ ነው፤ የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ ዐፄ ምኒልክም ዛፍ እንዳይቆረጥበት አስጠብቀውታል። ነገሥታት ደን ያስተክሉና ይጠብቁ እንደነበር ለሚጠራጠር ሰው ሱባ በቂ ምስክር ነው። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ሲሆን በር ላይ የመግቢያ ክፍያ አለ።

ጉዞው ከአየር ጤና ወደ ሰበታ ነው፤ ታክሲው ብዙ ነው፣ መንገዱም ቅርብ። ችግሩ የሚጀምረው ሰበታ ላይ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ጫካው በር የሚወስደው የኮረኮንች መንገድ ረጅም ነው፤ ደርሶ መልስ በእግር ካሉ ቀኑ ጫካው ውስጥ ሳይገቡ ያልቃል። ስለዚህ ዳገቱን በሞተር ወይም በባጃጅ፣ ቁልቁለቱን በእግር መሄድ ይሻላል። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት መነጋገር፣ መመለስ ከፈለጉ ደግሞ የባለ ሞተሩን ስልክ መያዝ ነው።

በሩን አልፎ ጥቂት እንደተሄደ ብርሃኑ ይለወጣል። ጥዱ ከ30 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው አለ። ከጥዱ ጋር ዝግባና ወይራ ተቀላቅለዋል። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ኮሶ ይመጣል፤ በአበባው ጊዜ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለው ቀይ አበባ ከሩቅ ይታያል። እናቶቻችን ለኮሶ ትል ያጠጡን የነበረው መድኃኒት የሚወጣው ከሴቴዋ አበባ ነው። ከዚያ በላይ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ ብቻ ይቀራል፣ ነፋሱም ይበረታል። አንድ ተራራ በከፍታው ልክ ልብሱን እንዴት እንደሚቀይር በግማሽ ቀን ውስጥ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው። የትምህርት ቤት መምህራን ተማሪዎቻቸውን እዚህ ማምጣት አለባቸው ብዬ ሳስብ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ውርጭ የሚለው ትምህርት በሰሌዳ ላይ ከሚጻፈው በላይ እዚህ ይገባል።

ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ቅርንጫፉ ቀድሞ ይሰማል፣ ነጭ ጭራው ኋላ ይታያል። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጠቆር ያለ የደጋ ድኩላ ግን ዝምታ ይፈልጋል። በቡድን እየዘፈነ የሚሄድ አያየውም። ማልዶ የገባና በየመሃሉ ቆም የሚል ሰው ከቁጥቋጦው ዳር ሊያገኘው ይችላል። ነብርና ጅብም ይኖሩበታል፤ ቀን ላይ ለሰው አስጊ አይደሉም፣ ግን ከመሸ በኋላ በጫካው ውስጥ መገኘት አይገባም። እዚህም ቢሆን የቀኑን ልክ የሚወስነው ወደ አየር ጤና የሚመለሰው ታክሲ ነው። ከሰበታ የሚነሳው እስከ ምሽት ስለማይቋረጥ ግን ከደብረ ሊባኖስ ይልቅ ልብ ያሳርፋል።

በአምቦ መንገድ የሚሄድ ሰው ከሁሉም በላይ የሚመኘው ወንጪን ነው። እሱም በእሳተ ገሞራ አፍ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ከአምቦ 30 ገደማ ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ ከወሊሶ ደግሞ 40 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ከሰየማቸው አንዱ ነው። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ውስጥ ከገባ በኋላ ስሙ ይበልጥ ወጥቷል። ከጠርዙ ወደ ሐይቁ የሚያወርደው መንገድ በእንሰት ጓሮዎች መካከል ያልፋል፤ ጀልባው ወደ ቂርቆስ ገዳም ደሴት ያሻግራል፣ ከሐይቁ ማዶ ባለው ሸለቆ ፍል ውሃና ጠበል አለ። የአካባቢው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መንገድ ይመራሉ፣ ፈረስ ያከራያሉ። በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ግን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይመከርም። ዓርብ አምቦ ወይም ወሊሶ አድሮ ቅዳሜ ማለዳ የመጀመሪያውን መኪና መያዝ ነው። በአምቦ ገብቶ በወሊሶ መውጣት ደግሞ ሁለት መንገድ ያሳያል፤ አገሩ በሁለቱም በኩል ለምለም ነው።

የቡታጅራን መንገድ የሚመርጥ ሰው ሌላ ዓይነት ጉዞ ያገኛል። እዚህ ያለው ነገር ድንጋይ ነው። ከአየር ጤና ተነስቶ አዋሽን ሲሻገር መልካ ቁንጡሬ ላይ ይወርዳል። በወንዙ ዳር የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደኋላ የሚሄዱ ናቸው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚያ ወደ ምዕራብ በእርሻና በመንደር መካከል የሚወስደው መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም ያደርሳል። ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሥራዋን ትውፊቱ ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጠዋል። ሜዳ ስለሆነ እግር አይደክምም፣ ፀሐዩ ግን ይከብዳል፤ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ጥላ የሌለበት ነውና ኮፍያና ውሃ ያስፈልጋል። ጥር 21 ቀን፣ በበዓሏ፣ ሕዝቡ ስለሚበዛ መኪናም አብሮ ይገኛል። በዚያው አስፋልት ወደ ደቡብ የቀጠለ ሰው ጢያ ይደርሳል፤ በ1972 ዓ.ም. የተመዘገቡት 36ቱ ትክል ድንጋዮች ከመንገዱ ብዙም አይርቁም።

ለጀማሪ ግን እንጦጦን ነው የምመክረው። ከሽሮ ሜዳ የሚነሳው ታክሲ እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ያወርዳል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ቤተ መንግሥታቸውም በዚሁ ተራራ ላይ ነበር። በጠርዙ ላይ ወደ ራጉኤል የሚወስደው መንገድ ጥላው የባሕር ዛፍ ነው። የተራራው የቀድሞ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ካለቀ በኋላ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከመነቀል አድኗታል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የራሱ መንገድና መግቢያ አለው። እኔ ግን ከፓርኩ ውጭ ያለውን አሮጌውን የእግር መንገድ እወዳለሁ። እዚያ የሚገጥሙን እናቶችና እህቶች ጀርባቸው ላይ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንጨትና ቅጠል አዝለው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ወደ ገደሉ በኩል ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል ጠጋ ብሎ እነሱን ማሳለፍ ይገባል። ሸክም ያዘለ ሰው ቢደናቀፍ መነሻ የለውም።

ከፍታን የማይፈራ ሰው አንዳንዴ ሊፈራው ይገባል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው 2,300 ሜትር ላይ የተኛና የተነሳ ስለሆነ 3,000 ሜትር ብዙ አይከብደውም። ከዋሽንግተን ዲሲ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ይጠንቀቅ። 3,000 ሜትር ላይ ደረት የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 70 በመቶ ገደማ ነው። እንግዳው ገብቶ ጥቂት ቀን ይሰንብት፣ ዳገቱን ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ራሱን ካመመው ይውረድ። የወጉ ነገርም አለ። በእርሻ መሃል ሳይሆን በድንበሩ ይኬዳል፤ ደጃፍ ሲያልፉ ውሻውን ባለቤቱ እስኪይዝ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት ይገባል፤ ሽማግሌ ካገኙ ቆም ብሎ «እንደምን ዋላችሁ» ይባላል። «ወዴት ነው?» ተብሎ መጠየቅ እንደ ምርመራ አይቆጠር። አቋራጩን፣ የጎደለውን ድልድይ፣ የሞላውን ወንዝ የሚነግረን የጠየቀው ሰው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በዋልካ መሬት ላይ ጉዞ ባይታሰብ ይሻላል፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ወንዙም ከላይ በዘነበ ዝናብ ሳይታሰብ ይሞላል።

ይህን ሁሉ መንገድ ስሄድ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የሚጎድለው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። በደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ላይ ድልድዩ ወዴት እንደሆነ፣ ገዳሙ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ የሚናገር አንድ ሰሌዳ ቢቆም መንገደኛው ሁሉ ይጠቀማል፤ ጠበልተኛዋ እናትም ጭምር። በሰበታ የሱባ መታጠፊያም እንዲሁ ነው። በአቦና በተክለ ሃይማኖት በዓል ተጨማሪ አውቶቡስ ማሰማራት የሚቻል ከሆነ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባሉት እሑዶች በየአንዳንዱ መንገድ ማለዳ የሚወጣና 10 ሰዓት ላይ የሚመለስ አንድ አንድ አውቶቡስ መመደብም ይቻላል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የራሱ መኪና የሌለው ሁሉ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው። ገንዘቡም በአንድ አዘጋጅ እጅ ከመቅረት ይልቅ መገንጠያው ላይ ቆሎና ዳቦ ለምትሸጠው ሴት፣ ለባለ ሞተሩ፣ ለመንገድ መሪው ወጣት ይዳረሳል። የትራንስፖርት ቢሮዎችና የየዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ለመጪው መስከረም ከአሁኑ ቢነጋገሩ ጊዜ አላቸው። ለመጀመሪያው ሙከራ የሚመረጥ መንገድ ካስፈለገ፣ የፍቼው መንገድ አስፋልቱ ያለቀ፣ ተሳፋሪው የተዘጋጀ፣ ርቀቱም ለአንድ ቀን የሚበቃ ነው።